ኪስ የሚገባው ፊት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ቀድሜ የምስቅ ሴት ነኝ፣ እገሌ ጅብ ሆኖ መጣ፣ የእገሊት ጥላ ብቻውን ሄደ ሲሉኝ «ትናንት ስንት ብርሌ ጠጥታችሁ ነበር?» ብዬ የምጠይቅ፣ እናቴ እንኳ የጠንቋይ ነገር ስታነሳ ብድግ ብዬ የምወጣ። ስለዚህ የምነግርህን ባታምነኝ አልቀየምህም፣ አንተ ብትነግረኝ እኔም አላምንህም ነበር። ግን አይቼዋለሁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ በደርግ ጊዜ።

ባለቤቴ ግርማና እኔ ዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት ነበረን፣ እሱ ያነሳል፣ እኔ አጥባለሁ። ጨለማ ክፍላችን ከጓዳ የተቆረጠች ጠባብ ክፍል ናት፣ ብርሃን እንዳይገባ በሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅለናል፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ የማጠቢያውን መድኃኒት ስለሚያደነዝዘው ሳህኑን ሙቅ ውሃ ያለበት ገበቴ ላይ እናስቀምጣለን፣ አለዚያ ምስሉ አይወጣም። በዚያ ዘመን ትልቅ ፎቶ የሚያሠራ ጠፍቶ ነበር፣ ሁሉም የሚፈልገው ጉርድ ነው፣ ለመታወቂያ፣ ለማለፊያ ወረቀት፣ ዘማች ልጅ በደረት ኪሱ ይዞት ለሚሄደው። እኔም ትልቁን ማሳነስ ተክኜበት ነበር። ፎቶ ዝም ብለህ አታሳንስም፣ ያ ሁሉ ነገር እዚያች ቁራጭ ላይ አይበቃም፣ ጀርባውን ትጥላለህ፣ ልብሱን ትጥላለህ፣ ከፊቱም ላይ ቢሆን ዓይን የማይፈልገውን ለስላሳ ጥላ ሁሉ ትጥልና ጥቁሩን ጥቁር፣ ነጩን ነጭ ታደርገዋለህ፣ ሰው በጨረፍታ አይቶ «እሱ ነው» እንዲል።

ግርማ ደሴ ሠርግ ሊያነሳ ሄዶ የሚመለስበት ቀን ነበር። ረፋዱ ላይ ካድሬው ካሳ በሩን በእግሩ በርግዶ ገባ። ካሳን ከተማው በሙሉ ይፈራዋል፣ እኔ ግን እጠላው ነበር፣ ጥላቻ መደበቅ ደግሞ አልችልበትም። በብብቱ ከነመስታወቱ ከግድግዳ የተነቀለ ትልቅ ፎቶ ይዟል፣ ከኋላው እማማ የሺ የሚባሉ እናት እያለከለኩ ደረሱ፣ ከአንኮበር ድረስ ፎቷቸውን ተከትለው የመጡ ናቸው። ፎቶው የሴት ልጃቸው ሠርግ ነው። ከሙሽሮቹ አጠገብ የቆመው ተሾመ የሚባለው ወንድ ልጃቸው ነው፣ አስተማሪ፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ረጅም ልጅ፣ ካሳ ሊይዘው የሚያሳድደውም እሱን ነው።

«ይሄን ፊት ቁረጪና አሳንሺልኝ» አለኝ፣ ጣቱን መስታወቱ ላይ እየጫነ። «ኪስ የሚገባ ይሁን፣ ለየኬላው እንዲዳረስ አድርገሽ አትሚ። በቀትሩ አውቶቡስ ደብረ ሲና መድረስ አለበት፣ ሰውየው ዛሬ ወደ ቆላ ሊወርድ ነው።»

«ትልቁን ለምን አትልከውም?»

«ኬላ ጠባቂ የግድግዳ ፎቶ ተሸክሞ ይቁም? ሥራሽን ሥሪ! ባልሽም ከደሴ ሲመለስ በዚያው ኬላ ነው የሚያልፈው፣ አንድ ነገር ቢበላሽ እሱን አላውቅም።»

እማማ የሺ መሬቱ ላይ ቁጭ ብለው «ልጄ፣ አንቺም የሰው ልጅ ነሽ» አሉኝ። «ዝም በይ አንቺ አሮጊት!» ብሎ ጮኸባቸው፣ እናቱ የሚሆኑትን ሴት። አናቱን በመስታወቱ ብፈረክሰው በወደድኩ፣ ግን ግርማ መንገድ ላይ ነው፣ ምን አባቴ ላድርግ።

ፎቶውን በካሜራ ገለበጥኩና ኔጋቲቩን አጠብኩ፣ ሲደርቅ በቀይ አምፖሉ አየሁት፣ ተሾመ ነው፣ ጠባሳውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ላደበዝዘው ባስብም ካሳ ከብርድ ልብሱ ማዶ ሲተነፍስ ይሰማኛል። የፎቶ ማጉያ መሣሪያውን ዝቅ አድርጌ ትንንሾቹን አንድ ወረቀት ላይ ደረደርኩና ወረቀቱን ሳህኑ ውስጥ ነከርኩት።

መጀመሪያ ድምፅ ነው የሰማሁት። ሳህኑን አልነካሁትም፣ ውሃውም አልተንቀሳቀሰም፣ ግን ሰው ትኩስ ነገር ፉት ሲል የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከገበቴው ወጣ። «ምንድነው?» አልኩ። «ምኑ?» አለ ካሳ ከውጭ። ከዚያ አንድ ነገር ትከሻዬን ገፋ አደረገኝ፣ ክፍሏ ለሁለት ሰው አትበቃም፣ በማርያም ነው የምልህ፣ ሰው አጠገብህ ቆሞ ሊያይ ሲፈልግ እንደሚገፋህ ነው የገፋኝ። ምስሉ መውጣት ጀመረ፣ ፀጉሩ፣ ኮሌታው፣ ቀጥሎ ዓይኑ። ግርማ ነበር። የኔ ግርማ፣ ደሴ የሄደው ባሌ፣ ከተደረደሩት ትንንሽ ፊቶች ሁሉ ውስጥ ሆኖ ያየኛል።

ኔጋቲቩን አውጥቼ አየሁት፣ ተሾመ ነው። ደግሜ አተምኩ፣ አሁንም ግርማ። ባሌን ለኬላ ጠባቂ ላስይዘው ነው ወይስ ዓይኔ ነው የሚያታልለኝ ብዬ ወረቀቱን ምስሉን የሚያጸናው መድኃኒት ውስጥ እንደከተትኩት ካሳ ብርድ ልብሱን ገልቦ ገባና እያንጠባጠበ አነሳው።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ምኑን?»

«ወንድሜን ነዋ!»

ታናሽ ወንድሙ በዚያው ዓመት ተገድሎ ነበር፣ አሳልፎ የሰጠውም ራሱ ካሳ ነው ይባላል፣ እኔ እንጃ። ወረቀቱን አየሁት፣ ለኔ ግርማ ነው። ካሳ እየሮጠ ወጥቶ እማማ የሺ ፊት ደቀነው፣ «ይሄ ማነው? ተናገሪ!» እሳቸው አዩት፣ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙና «የልጆቼ አባት ነው» አሉ፣ «አፈር ካለበስኩት ስንት ዘመኑ።» ልጃቸውን ለማዳን የዋሹ እንዳይመስልህ፣ እንደዚያ እየተንቀጠቀጠ የሚዋሽ ሰው አላየሁም።

«አሻጥረኛ!» ብሎ ካሳ አንገቴን አነቀኝና ወደ ክፍሏ መልሶ አስገባኝ፣ ከጎኔ ቆሞ እንደገና አሳተመኝ። ምስሉ ሲወጣ ከጎኔ ሲያቃስት ሰማሁት። ውጭ አውቶቡሱ ጡሩምባውን ይነፋል፣ አለቆቹ ፎቶውን ይጠብቃሉ፣ የሞተው ወንድሜ ወጣብኝ ብሎ ለማን ይናገራል? ፊቱን አዙሮ በመቀስ ቆራረጠው፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለሾፌሩ ሰጠና ሄደ። እማማ የሺ ትልቁን ፎቶ አቅፈው ወጡ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ፣ ግርማ ይያዝብኛል ብዬ እንደ እብድ ከበር እስከ መስኮት ስመላለስ ዋልኩ።

ሊመሽ ሲል ግርማ ከነካሜራው ገባ። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እጁ በረዶ ነበር፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት።

«አስኒ፣ ደብረ ሲና ኬላ ላይ ጉድ አየሁ» አለኝ ቁጭ ብሎ። «ጠባቂዎቹ ትንንሽ ወረቀት ይዘው ያለቅሳሉ። አንደኛው ‹አባዬ› ይላል፣ አንደኛው መሣሪያውን ጥሎ አስፋልቱ ላይ ተቀምጧል። መንገደኛውን ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ረጅም ልጅ በመሐላቸው አልፎ ወደ ቆላ ሲወርድ ማንም ‹ቁም› አላለውም።»

ደስታዬን ልነግርህ አልችልም፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በኋላም እማማ የሺ በአልዩ አምባ ነጋዴዎች በኩል የልጃቸውን በሰላም መድረስ ሰምተዋል፣ ካሳ ደግሞ ደጃችንን ዳግም አልረገጠም።

«ወረቀቱንስ አየኸው?» አልኩት ያን ማታ።

«አንዱ ከእጁ ሲወድቅበት አንስቼ ሰጠሁት።»

«ማን ነበር?»

«ማንም» አለኝ። «ባዶ ነጭ ወረቀት ነው። እኔም የገረመኝ ይሄው ነው።»

ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ነገሩን ያገጣጠምኩት ስንት ቀን ካደረ በኋላ ነው፣ ካሳ ያየው የሞተ ወንድሙን ነው፣ እማማ የሺ የሞተ ባላቸውን፣ ያ ጠባቂም «አባዬ» ሲል አባቱ በሕይወት ያሉ ሰው አይመስለኝም። ሁሉም ያዩት የሞተባቸውን ነው። እኔ ያየሁት ግርማን ነው። ግርማ ደግሞ ማንንም አላየም።

ጠይቄው አላውቅም፣ አብረን አርጅተናል፣ ልጆች ወልደናል፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። አሁን ራት ቀርቦ ከወዲያኛው ክፍል እየጠራኝ ነው፣ ልሂድ።