የማቀዝቀዣው ፎቶ

ልብስ ሰፊዋ የሞተችው መድኃኒቷን እየወሰደች ነው። ሁሉን ግራ ያጋባው ይኸው ነበር። ሐኪሙ የገደላት ስኳሯ ነው ብሏል፤ የተወጋችባቸው መርፌዎች ግን አንድም ቀን ሳይጎድል ጣሳ ውስጥ ተጠራቅመዋል።

መርማሪው ከሬሳው ይልቅ ማቀዝቀዣውን ሲያይ ቆየ። ከላይ እስከ ታች «ፈውስ» የሚሉት፣ በሽታ ያድናል እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት በየቆርቆሮው ተደርድሯል። ከኋላ አንዲት የተጀመረች የኢንሱሊን ብልቃጥ አለች፤ የተለጠፈባት ወረቀት ባንድ ጎን ነጥቷል። እንደ ውሃ መጥራት የነበረበት መድኃኒትም ደፍርሷል።

«በዱቄቱ ትጣሉ ነበር አሉ» አለው ባልየውን።

«በየቀኑ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መድኃኒቷን ግን ነክቼ አላውቅም። ሹፌር ነኝ፤ ቤት የምገባው ለመተኛት ነው።»

«ዓይኗስ?»

«ደክሞ ነበር። የስፌት መርፌዋ ላይ ክር የምታስገባላት እህቷ ነበረች።»

ታናሽ እህቷ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። ወደ ዱቄቱ ሽያጭ ያስገባቻት እሷ ነበረች። እሷን ያስገባቻት ደግሞ በሽያጭ ደረጃዋ «ወርቃማዋ» የሚሏት አለቃቸው ናት፤ እሷም ለለቅሶ መጥታለች። መርማሪው ሦስቱንም ሳሎን አስቀመጣቸው።

«ወረቀቱን ያነጣው ፀሐይ ነው። ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ፣ አቧራው ውስጥ የብልቃጧ ክብ ምልክት አለ። መጠባበቂያ ስለነበረች ማንም አልፈለጋትም። የፊተኛው ሲያልቅ ግን ሟቿ እሷን ጀመረች፤ ዓይኗ ደክሟልና መድፍረሱን አላየችም። የከረመችው የተበላሸ መድኃኒት ስትወጋ ነው።»

የሟቿ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አሳያቸው። ሟቿ በተከፈተው ማቀዝቀዣ አጠገብ ቆማ ትስቃለች፤ ውስጡ ቆርቆሮ ብቻ ነው።

«ይህ በተነሳበት ቀን ባልየው ሥራ ላይ ነበር። ፎቶውን ማን አነሳው?»

«እኔ ነኝ» አለች እህቷ። «በየወሩ የማቀዝቀዣችንን ፎቶ ለአለቆቻችን እንልካለን። የፋርማሲ መድኃኒት ከታየ ከደረጃ ያወርዱናል። ፎቶ ላነሳት ብዬ ብልቃጧን አወጣኋት፣ መስኮቱ ላይ ረሳኋት። በአራተኛው ቀን ሳያት ዝም ብዬ መለስኳት። እህቴን እንዴት እጎዳለሁ፣ ጋሼ?»

«ደንቡን እኔ አላወጣሁትም» አለች ወርቃማዋ ፈጥና። «ለኔም ከላይ ነው የተነገረኝ።»

«ሕጉ የሚያገኘው ብልቃጧን ያወጣውን እጅ ብቻ ነው» አለ መርማሪው።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!» አለ ባልየው።

መርማሪው ወደ እህቷ ዞረ። ልጅቷ አሳዘነችው፤ ማዘኑም ምንም አልፈየደላትም።

«በሥርሽ የሚሸጡ ስንት ሴቶች አሉ?» አላት።

«አሥራ አንድ።»

«ስኳር ያለባቸውስ?»

«ጠይቄ አላውቅም።»

ስልኳን አውጥታ ልታስጠነቅቃት ለመጀመሪያዋ ደወለች። ገና አፏን ሳትከፍት የሴትየዋ ደስተኛ ድምፅ ቀደማት፦

«ፎቶዬን አየሽው፣ የኔ እናት? እንዳልሽኝ መድኃኒቱን ሁሉ አውጥቼ ጣልኩት!»