የጣቢያው ቀማሽ

በጋዝ ማውጫ ጣቢያው የይታገሱ ሥራ ውሃ መቅመስ ነበር። ከጋዙ ጋር ከምድር ሆድ የሚወጣው ጨዋማ ፍሳሽ በማጣሪያው አልፎ፣ ጨውና ዘይቱን ጥሎ ወደ አርብቶ አደሮቹ ገንዳ ከመለቀቁ በፊት በጨው መለኪያ ይታያል፤ ግን በዚያ በረሃ መሣሪያን ማን ያምናል? አቧራ ሲገባበት የፈለገውን ይዘላብዳል። ስለዚህ የጣቢያው ልማድ ተረኛው አንድ ጉንጭ ቀምሶ «ይለቀቅ» ማለት ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ የይታገሱ ምላስ ተሳስታ አታውቅም፤ እሱም በዚህ ትንሽ ይኮፈስ ነበር።

ያን ቀን ረፋድ ላይ፣ ፀሐዩ የቆርቆሮውን ጣሪያ እያንጣጣ፣ የተበላሸ እንቁላል የመሰለው የጋዝ ሽታ አፍንጫ እየሰነጠቀ፣ ከቧንቧው ውስጥ እንግዳ ድምፅ ሰማ። የውሃ መንሿሿት አልነበረም፤ ከወዲያኛው ጫፍ የሆነ ነገር አፉን ደቅኖ የሚጋት ይመስል ነበር። ፓምፑን አጠፋው። መጋቱ አልቆመም።

የመለኪያው ቁጥር ጣሪያ ነክቷል፤ ከባሕር ውሃ የባሰ ጨው። ይታገሱ ቀመሰ። ጣፋጭ ነው! እንዲህ ያለ ውሃ በሕይወቱ ጠጥቶ አያውቅም፤ አንድ ኩባያ ሙሉ ጨለጠና መለኪያውን በጥፊ ብሎ ወደ ገንዳው ለቀቀው።

ገንዳው ዘንድ ሽማግሌው ወርሰመ ከሰዎቻቸው ጋር ይጠብቃሉ። ድርቁ ከብቱን ግማሽ በግማሽ ጨርሶታል፤ ከዚህ ገንዳ ሌላ ውሃ የላቸውም። ግመሎቹ ግን አሽትተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«አንተ ልጅ፣ ግመሎቹ እንቢ አሉ። ወላሂ፣ ዝጋው!» አሉ ወርሰመ እያፈጠጡበት።

«ጋሽ ወርሰመ፣ እኔ ራሴ ጠጥቼዋለሁ። ምን ሆንኩ?»

የጠማው ሕዝብ ክርክር አይሰማም። የይታገሱን ምላስ አምነው የኖሩት ሁሉ ጀሪካናቸውን ይዘው ተሻሙ፤ በመጨረሻ ወርሰመም ጠጡ።

ይታገሱ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ከከተማ የመጣ የታሸገ ውሃ ተጎነጨና ወዲያው ተፋው። ጨው ሆነበት። ሌላ ጠርሙስ ከፈተ፤ ያም እንደዚያው። ያኔ የተበላሸው መለኪያው ሳይሆን የገዛ ምላሱ እንደሆነ ገባው። «አትጠጡ!» እያለ ሮጦ መዝጊያውን ጠረቀመው።

ማንም አልታመመም፤ ማንም አልተቆጣም። ከንፈራቸው ላይ ነጭ ጨው ደርቆ ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

«ክፈተው ልጄ፤ ጣፋጭ ነው» አሉ ወርሰመ በለሰለሰ ድምፅ።

ከጎናቸው ምራታቸው ከዚያው ውሃ በጣቷ ጠብታ ያቀመሰቻትን የሦስት ወር ልጇን ልታጠባ ደረቷን ገለጠች፤ ሕፃኗ ግን ፊቷን አኮሳትራ ጡቱን ተፋችና አፏን ወደ ቧንቧው ከፈተች።