ከኋላ የሚመጣ እጅ

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም።

የሚያምነኝ ማጣት ለምጃለሁ። ወንድሜ አላመነኝም። ጎረቤትም አላመነኝም። ግን ሆኗል። በተወለድኩበት ቤት፣ በገዛ ዓይኔ ፊት፣ በዚችው በቀኝ እጄ ላይ ሆኗል።

ደግሞ በሌሊት እንዳይመስላችሁ...

በቀን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ሃጊ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ፣ እናቴ የብሩሽ ጽሕፈት ታስተምርበት በነበረው ክፍል፣ የሰኔ ዝናብ ሳያባራ በሚወርድበት ሰሞን።

ካዮ እባላለሁ።

እናቴ ሺገኖ በከተማችን ስሟ የተጠራ የብሩሽ ጽሕፈት መምህርት ነበረች። የቤተ መቅደሱ በር ላይ ያለው ጽሑፍ የእሷ ነው። የሩዝ መጠጥ፣ የሳኬ መጥመቂያው ሰሌዳም የእሷ ነው። ሰው ጽሑፏን ከሩቅ ይለየዋል። መስመሩን ጨርሳ ብሩሿን ስታነሳ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ነገር ወደ ግራ ሾል ትላለች... እንደ እሾህ። «የሺገኖ እሾህ» ይሏታል።

ብዙዎች ሊቀዷት ሞክረዋል። አልቻሉም።

እኔም አልቻልኩም።

እኔ ግራኝ ነኝ። የብሩሽ ጽሕፈት ደግሞ በቀኝ ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ግራ እጄን በመቀነቷ ከወገቤ ጋር አስራ ታስቀምጠኝ ነበር። ቀኝ እጄ መጻፍ ለመደ። ታዘዘ እንጂ አልወደደም። እሷም ይህን ታውቅ ነበር።

«ፊደል የሚጻፈው በትንፋሽ ነው» ትለኛለች። «እጅ ትንፋሽን ይከተላል። አንቺ ግን ትንፋሽሽን ዋጥ አድርገሽ ነው የምትጽፊው። እንደ ሌባ።»

በእኛ ጽሕፈት ደግሞ ማረም የለም። ባለፈ መስመር ላይ ተመልሶ መሄድ ነውር ነው። አንዴ ያበላሸሽው እንደተበላሸ ይኖራል። እናቴ ሰውንም የምታየው እንደዚያ ነበር።

ሌሎቹን ስታስተምር ከኋላቸው ትንበረከካለች። እጇን በእጃቸው ላይ ታሳርፋለች። ብሩሹን አብረው ይይዛሉ፣ አብረው ይተነፍሳሉ። የዓሣ ነጋዴው ልጅ፣ የፖሊሱ ሚስት... ሁሉም በዚያ እጅ አልፈዋል።

የእኔን እጅ ግን አንድ ቀን ይዛ አታውቅም።

በጥር ሞተች። ክፍሉን ለማን እንደምትተወው ሳትናገር ሞተች።

በግንቦት መጨረሻ እኔው ከፈትኩት።

ተማሪ አልበዛም። ከድሮዎቹ የመጣው ጋሽ ኩራሞቶ ብቻ ነው፤ ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር፣ ከብሩሹ ይልቅ ወሬው የሚጥመው ሽማግሌ። ሁለት ሦስት አዲስ ሴቶችም ነበሩ። የወንድሜ የቶሺሮ ሚስት ሆናሚ ደግሞ ክፍሉ ባዶ እንዳይመስል ብላ ገባች።

«ግዴለም እትዬ ካዮ፣ ቦታ ልሙላልሽ» አለችኝ።

ኦሳካ ነበር የሚኖሩት። ወደ ቤቱ የተመለሱት እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። ሆናሚ እናቴን ያየቻት በሠርጓ ቀን ብቻ ነው። ብሩሽም ከተማሪ ቤት ወዲህ ነክታ አታውቅም።

መስኮቱ ሥር፣ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የመጣው ትንሽ ነገር ነው።

የቀለም መፍጫውን ድንጋይ ማታ አጥቤ፣ ወልውዬ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ሳየው እርጥብ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ጥቁር ቀለም ተኝቷል... አሁን ፈጭተውት እንደተነሱ።

ጣራው እያፈሰሰ ነው አልኩ። ዝናቡ ነው አልኩ።

ዝናብ ግን ቀለም አይፈጭም።

አንድ ቀን ጋሽ ኩራሞቶ እግሩን ሊያፍታታ ተነስቶ በሆናሚ ትከሻ ላይ ወደ ወረቀቷ አየ። ሳቀ።

«ይኸውልሽ ካዮ፣ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ስትለፊበት እምቢ ያለሽ ነገር ለወንድምሽ ሚስት በሳምንቱ እሺ አላት።»

ሴቶቹም ሳቁ። እሱ ግን ሳቁን አልጨረሰውም።

መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። መልሶ አየ።

ጫፉ ላይ እሾኋ ነበረች።

«የማን እጅ ነው ይሄ?» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።

«የሆናሚ ነዋ፣ ጋሼ።»

«አይደለም» አለ። «እኔ ይሄን እጅ አውቀዋለሁ። ይዞኝ ያውቃል።»

ጃንጥላውን ጥሎ በዝናብ ሄደ። ሊወስደውም አልመጣም።

የዚያን ዕለት ሌሎቹ ሲወጡ ሆናሚ ብሩሿን እያጠበች፣ ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ ካዮ... ስትይዢኝ ትንሽ ላላ አድርጊልኝ። አንጓዬን አመመኝ።»

«መቼ ያዝኩሽ?»

«ስጽፍ ነዋ። ከኋላዬ ሆነሽ።»

«ሆናሚ፣ እኔ በሩ ጋ ነበርኩ። ከቦታዬ አልተነሳሁም።»

ውሃው ይፈሳል። እሷ ብሩሿን ማጠቧን ተወች።

«እጁ ምን ይመስላል?» አልኳት።

«ቀዝቃዛ ነው። ግን... ደግ እጅ ነው።»

«ደግ?»

«ስሳሳት አትቆጣኝም። ‹ቀስ፣ ልጄ› ትለኛለች።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይፈራል። እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም። ሬት ነው። 

እናቴ እኔን «ልጄ» ብላኝ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከክፍሉ ወጣ።

ሆናሚ ማዕድ ላይ የመብያ ዘንጎቿን ስትይዝ ትንሿ ጣቷ ሽቅብ መቆም ጀመረች። የእናቴ ጣት እንደዚያ ነበረች። ዓሣውን ስትፈለቅቅ አጥንቱን በሳህኑ ዳር ትደረድራለች... እንደ እናቴ።

ቶሺሮ አይቶ ፈገግ አለ።

«እማዬን መሰለች። ደስ አይልም?»

አንድ ቀን የፖስታ ሰው ዕቃ አመጣና ፈርሚ አላት። ፈረመች። ሰውየው ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ።

የጻፈችው «ሺገኖ» ብላ ነበር።

የዚያን ቀን ሆናሚ ወጥ ቤት ጎትታ አስገባችኝና እጅጌዋን ሰበሰበች። ቀኝ አንጓዋ ዙሪያውን ነጥቷል። ደም የማይደርስበት ሥጋ ይመስላል።

«አሁን አትለቀኝም» አለች በሹክሹክታ። «ዕቃ ሳጥብም ይዛኛለች። ስተኛም ይዛኛለች። ለቶሺሮ ብነግረው ሐዘን ነው ይለኛል። የማን ሐዘን? እኔ እኮ አላውቃትም።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«እናትሽ ናት። ንገሪያት።»

«እኔን ሰምታ አታውቅም» አልኳት።

አለቀሰች። ስታለቅስ እንኳ ቀኝ እጇ ዝም ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ዓይኗን የጠረገችው በግራዋ ነው።

«እሺ፣ ነገ እኔ በአንቺ ቦታ እቀመጣለሁ» አልኳት። «እኔን ትያዝ። አንቺን ትተው።»

ለሆናሚ ብዬ ነው። ለራሴም ብዬ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

በማግስቱ ትምህርት አልነበረም። ሆናሚ ምሳ የበላንበትን ዕቃ ልታጥብ፣ የእራቱንም ሩዝ ልትጥድ ወጥ ቤት ገባች። እኔ ሽርጧን አሸረጥኩ። የፀጉር መያዣዋን አደረግኩ። ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ መስኮቱ ሥር ተንበረከክኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ቀለሙን ፈጨሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። ግራ እጄን ወረቀቱ ላይ ጫን አድርጌ፣ ብሩሹን በቀኜ አነሳሁ። በእኛ ጽሕፈት አንድ ፊደል ሙሉ ቃል ነው፤ ልጽፍ ያሰብኩት «ውሃ» የሚለውን ፊደል ነው፤ እናቴ የምትወደውን። መጀመሪያ መካከሏ ላይ ቀጥ ያለች መስመር ትወርዳለች፣ ከታች ትታጠፋለች። ከዚያ ክንፎቿ ይከተላሉ።

ጠበቅኩ።

ዝናቡ ብቻ ይሰማል...

ከዚያ ዝናቡም አልተሰማኝም።

ከኋላዬ ሰሌኑ ስርጉድ አለ። ሰው ሲንበረከክበት እንደሚያደርገው። የቀለም ሽታ መጣ። አንገቴ ላይ ትንፋሽ የለም... ቅዝቃዜ ብቻ።

እጁ በእጄ ላይ አረፈ።

ቀላል ነበር። እንደ እርጥብ ጨርቅ። ጣቶቹ ጣቶቼን አቀፉና ብሩሹን አብሮኝ ያዘ። ሆናሚ አልዋሸችም። ደግ እጅ ነው።

«ቀስ፣ ልጄ» አለችኝ።

እንባዬ መጣ። አልደብቃችሁም። እድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ነው።

ብሩሹ ወረደ። እንዲህ ያለ መስመር በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም። ወረቀቱ ራሱ መንገድ የሚለቅ ይመስል ነበር። ከታች ደረስን። መታጠፊያው ጋ፣ እሾኋ የምትወጣበት ጋ...

እጁ ቆመ።

አልለቀቀኝም። ቆም ብሎ አሰበ። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ መዳበስ ጀመረ።

ሌላ እጅ በግራ ጎኔ መጣ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ግራ እጄን ፈለገ፣ አገኘው። እኔ ሳላውቀው የግራ እጄ ጣቶች ብሩሽ እንደያዙ ሆነው ተሰብስበዋል። ከቀኜ ጋር አብረው ሲጽፉ ነበር።

ዳሰሰቻቸው።

«ይቺ አይደለችም» አለች።

ለእኔ አልነበረም የተናገረችው። ከጎኗ ላለ ለሌላ ሰው እንደሚነገር ነው።

እጆቹ ተነሱ። ሰሌኑ ቀና አለ። ብሩሹ ከእጄ ወደቀና ወረቀቱን አጠቆረው።

ያኔ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ሲሰበር ሰማሁ።

ሮጥኩ። ሆናሚ መስኮቱ ፊት ቆማለች። የሩዙ እንፋሎት መስተዋቱን አልብሶታል። ክንዷ ከፍ ብሏል፣ ክርኗን ሰው የደገፈላት ይመስላል። በጣቷ ትጽፋለች። መጀመሪያ ከታች መታጠፊያዋን ሳበች... ከእሾኋ ጋር። ከዚያ ክንፎቿን ጨመረች።

እኔ ጀምሬ የተውኩትን ነው የጨረሰችው። መካከሏ ላይ ያለችው መስመር ግን እዚያው መስተዋቱ ላይ ቀድማ ተጽፋ ነበር።

«ሆናሚ» አልኳት።

አልዞረችም።

መስተዋቱን በእጅጌዬ ጠረግኩት። እንፋሎቱ ተጠረገ። ፊደሉ አልተጠረገም።

ከውጭ በኩል ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሆናሚ አላለቀሰችም። የዚያኑ ዕለት ሲመሽ፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኳት።

«ለቀቀችሽ?»

«ማን?» አለችኝ።

ያን የጠቆረ ወረቀቴን ከመሬት አነሳች። ራቅ አድርጋ አየችው። ቀረብ አድርጋ አየችው።

«ትንፋሽሽን ውጠሽ ነው የጻፍሽው» አለች።

በሳምንቱ ዕቃዬን ሰብስቤ ከቤቱ ወጣሁ። ለቶሺሮ ሁሉንም ነገርኩት። «ቅናት ሰው ያሳብዳል፣ ካዮ» አለኝ። አሁን ወደብ አካባቢ ዓሣ ማድረቂያ ውስጥ እሠራለሁ። የዋጋ ወረቀት እጽፋለሁ፣ በግራ እጄ። ማንም አይከለክለኝም። ማንም ደግሞ አያየውም።

የእናቴ ክፍል ሞልቷል ይባላል። ሰው ከሌላ ከተማ ሳይቀር ይመጣል። አዲሷ መምህርት እጅ ይዛ ነው የምታስተምረው ይላሉ። ደግ ናት ይላሉ።

በጥር የሙት ዓመቷ ሆነ። ባልሄድ ሰው ምን ይላል ብዬ ሄድኩ።

በረዶ ጣል ጣል ያደርጋል። ከቀትር በኋላ ነው። መነኩሴው መቃብሩ ፊት ጸሎቱን ጀመሩ። ሆናሚ ከፊት ቆማለች፣ ጥቁር ለብሳ። ሰላም ስላት ራሷን ዝቅ አደረገች፤ ለእንግዳ እንደሚደረገው።

አባቴ የሞተ ጊዜ የእናቴም ስም አብሮ መቃብሩ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። በእኛ ዘንድ እንዲያ ነው። ሚስት በሕይወት እስካለች ስሟ ቀይ ይቀባል። የሞተች ጊዜ ቀዩ ይፋቃል። የእናቴን ባለፈው ዓመት ድንጋይ ጠራቢው ሲፍቅ ቆሜ አይቻለሁ። ብናኙ ጫማዬ ላይ ወድቋል።

መነኩሴው ጸሎቱን አቋረጡ።

«ማነው እንዲህ የሚቀልደው?» አለ ቶሺሮ ቀስ ብሎ።

የእናቴ ስም ቀይ ነበር።

 ሆናሚ በረጅሙ ተነፈሰች። እኔ ቀረብ ብዬ አየሁ። የስሟ ላይኛው ክፍል ሞልቶ ቀልቷል። የመጨረሻዋ ፊደል ግን ገና ግማሽ ናት።

በድንጋዩ አጠገብ ማንም የለም። በረዶው ላይ ከእኛ በቀር ዱካ የለም።

እያየን... ቀዩ በተቀረጸው መስመር ውስጥ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ቀስ ብሎ። ሰው ትንፋሹን በሚያወጣበት ፍጥነት።