በጾም የተጠጣው ሻርባት

ሙሽራው የሞተው ሠርጉ ሳያልቅ ነው። የፖሊስ መርማሪው ኮሎኔል ነሲም ከካይሮ ወጣ ብሎ ወዳለው ስቱዲዮ ሲደርስ፣ ተዋናይ ራጊብ በነጭ ሱፉ፣ ደረቱ ላይ የተሰካችው የወረቀት ጽጌረዳ እንኳ ሳትነሳ፣ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተጋድሞ ነበር። ዙሪያውን ከእንጨትና ከጀሶ የተሠሩ ሱቆች ተደርድረዋል። ላዩ ላይ ባለቀለም አምፖሎች ይበራሉ። የሚያጠፋቸው ሰው አልተገኘም።

ነሲም ፊቱን ያውቀዋል። በካይሮ ውስጥ የማያውቀው ማን አለ? ስድስት ረመዳን ሙሉ፣ ከኢፍጣር በኋላ ከተማው ጸጥ ሲል ይህ ሰው «የአንጥረኞች ሰፈር» በተባለው ድራማ አንጥረኛው ረሻድ ሆኖ ዋርዳን ሲወድ ኖሯል። በአንደኛው ክፍል በሠርጋቸው ዋዜማ አሰሩት። በሁለተኛው ተፈትቶ ሲመጣ ለአጎቷ ልጅ ድረዋታል። በሦስተኛው ባሏ ሲሞት ረሻድን መኪና ገጭቶት ማንነቱን ረሳ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚዘረዝር ጤነኛ ሰው የለም፤ ብቻ አልተጋቡም። የነሲም ቤት የክርስቲያን ቤት ነው፤ ባለቤቱ ማርሴል ግን እንደ ሙስሊም ጎረቤቶቿ ረመዳንን ቀን ቆጥራ ትጠብቅ ነበር። በየዓመቱ «ዘንድሮ ካላጋቧቸው ይህን ቴሌቪዥን በመስኮት ነው የምወረውረው!» ትላለች። ባለፈው ክረምት ሞተች። እነሱም ገና አልተጋቡም ነበር።

«ልቡ ነው፣ ባሻ» አለ ዳይሬክተሩ ቱልባ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። «በቃ፣ ልቡ ቀጥ አለ።»

«የልብ ሕመም እንዳለበት ታውቅ ነበር?»

«ኧረ አላውቅም። እንደ ፈረስ ጤነኛ ነበር።»

«ታዲያ እንደ ፈረስ ጤነኛ የሆነ ሰው ልቡ ለምን ቀጥ ይላል? ቁጭ በልና ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ቱልባ ተቀመጠ። «የሠርጉን ትዕይንት እየቀረጽን ነበር። በቀን ነው፣ ሁላችንም ጾመኞች ነን። ሻርባቱ፣ ጣፋጩ የሠርግ መጠጥ፣ የሚጠጣበት ቦታ ላይ ከንፈር ያስነኩና እንቆርጠዋለን፤ ባዶውን ብርጭቆ በኋላ ለብቻው እንቀርጻለን። በረመዳን ሁሌም የምንሠራው እንደዚያ ነው። ራጊብ ግን ጭልጥ አድርጎ ጠጣው!»

«ጾሙን?»

«ጾሙን! ረስቶ ነዋ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ረስቶ የጠጣ ሰው ጾሙ አይፈርስበትም፤ ‹አላህ ነው ያጠጣህ› እያልን ቀለድንበት። ሙሽሪቷን ዋርዳን የምትሠራው ሲት ኢንዓም ብቻ ‹ትፋው! ትፋው!› ብላ ጮኸችበት። ጥብቅ ጾመኛ ናት። ደግሞ ስሟንም ተሳስቷል። ‹ዋርዳ፣ እንኳን ደስ አለሽ› ማለት ሲገባው ‹ኢንዓም› አላት። ቁረጥ አልኩ። ደክሞታል ብዬ ትንሽ አሳረፍኩት። ልንደግመው ስንሰናዳ ነው የወደቀው።»

ነሲም ጎንበስ አለ። ከሬሳው አጠገብ ወርቃማ ሪባን የታሰረበት ብርጭቆ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ነጭ ሪባን ያለው ሌላ ብርጭቆ ቀይ ሻርባት እንደሞላ ቆሟል።

«ወርቃማው የማን ነው?»

«የሙሽሪት። የሷን ነው የጠጣው። መጀመሪያ በየራሳቸው ብርጭቆ ነበር የተለማመዱት። ልንጀምር ስንል እንደ እውነተኛ ሙሽሮች አንዱ ሌላውን ያጠጣ ተባለ፤ እሱ ከሷ እጅ፣ እሷ ከሱ እጅ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ራጊብ ራሱ» አለ ቱልባ። «ምነው፣ ሰው ሠርጉ ላይ ከሙሽራዋ እጅ አይጠጣም እንዴ? ብሎ ለመነኝ። እሺ አልኩት።»

ነሲም ሁለቱንም ብርጭቆዎች ወደ ላቦራቶሪ ላከና ሟቹ የሚለብስበትን ክፍል ሊያይ ሄደ። ክፍሉ ንጹሕ ነው። ግን ከመስታወቱ ኋላ በፎጣ የተጠቀለለ የውሃ ጠርሙስ አገኘ፤ ተጋምሷል። ከታችኛው መሳቢያ፣ ከካልሲ ሥር፣ የተቆረሰ ዳቦ ነበር። ነሲም ጠርሙሱን ይዞ ጥቂት ቆመ። እሱም በመሥሪያ ቤቱ የረመዳንን ሻይ ከታችኛው መሳቢያ ደብቆ ነው የሚጠጣው፤ ጾመኛ ባልደረቦቹን ላለማስቀየም። ተደብቆ የሚጠጣ ሰው እጁ እንዴት እንደሆነ ያውቀዋል፤ ይህ ሰው ዛሬ የረሳ ሰው አልነበረም። የራጊብን የግል ሐኪም ፈልጎ ደወለለት።

«ልቡ በጣም ታሞ ነበር» አለ ሐኪሙ። «ዘንድሮ እንዳትጾም ብዬ ከልክዬዋለሁ። አፈረ። ለማንም እንዳትናገር ብሎ አስማለኝ።»

ደራሲው ዙህዲ ደጅ ላይ ሲጋራውን ሳያቀጣጥል በጣቶቹ መሃል እያሻሸ ተገኘ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ማጨስ አይችልም፤ ንዴቱም ከዚያ ይመስል ነበር።

«ከራጊብ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ከኔ ጋር ያልተጣላ ተዋናይ ካለ አምጣልኝ» አለ ዙህዲ። «እኔ ተራኪ ነኝ፣ ባሻ። አፍቃሪን ማጋባት ማለት ሱቅ መዝጋት ማለት ነው። ሰው የሚያየው እስኪጋቡ ድረስ ነው። ከተጋቡ በኋላ ምን ላሳየው? ማን ሳህን እንዳጠበ?»

«ታዲያ ዘንድሮ ለምን ሠርግ ደገስክ?»

ዙህዲ ሲጋራውን ወደ ኪሱ መለሰ። «በሚቀጥለው ክፍል ዋርዳ ትሞታለች። ረሻድ ያዝናል፤ ከዚያ አንዲት ወጣት አስተማሪ ወደ ሰፈሩ ትመጣለች፤ እንደገና እንጀምራለን። የባለሀብቱ የሐጅ ሸውቀት ሐሳብ ነው። ራጊብ ይህን ሲሰማ ኮሌታዬን ያዘኝ። ‹ዋርዳን ከገደልካት እኔንም አብረህ ቅበረኝ፣ ያለሷ አንድ ቀን አልሠራም› አለኝ። ለሐጅም ፊት ለፊት ነግሮታል።»

«ኢንዓምስ? ሰምታለች?»

«ሐጅ ነግሯታል። በምን ቋንቋ እንደነገራት እሱን ጠይቀው።»

ባለሀብቱ ሐጅ ሸውቀት የጸሎት መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃውን፣ እየቆጠረ ነበር የተቀበለው። ድምፁ የለሰለሰ ነው። «አላህ ይማረው። ልጄ ነበር። እሱንም ኢንዓምንም ከምንም አንስቼ ሰው ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።»

«እርስ በርስ ይዋደዱ ነበር?»

«ካሜራ ፊት!» ሐጅ ፈገግ አለ። «ከመጀመሪያው ቀን ነው ያስጠነቀቅኳቸው፤ ከዚህ ግቢ ውጭ አብራችሁ እንዳትታዩ፣ ሻይ እንኳ እንዳትጠጡ። የውጭውን ፍቅር ሰው ከሰማ ማን የድራማውን ሠርግ ይጠብቃል? ታዝዘውኛል። እሷም አላገባች፣ እሱም አላገባ። ስድስት ክፍል የደረስነው በዚህ ነው።»

«ወጣቷ አስተማሪ ስለምትመጣበት ክፍል ራጊብ ተስማምቶ ነበር?»

«በደስታ እንጂ!» አለ ሐጅ፣ ጥያቄው ሳያልቅ። ሙስበሃው ግን ቆመ።

ኢንዓም የሙሽራ ልብሷን አውልቃ ጥቁር ለብሳ ነበር። ኩሏ አልታጠበም። ነሲም ድራማው ውስጥ ስታለቅስ ስንት ጊዜ አይቷታል፤ አሁን ግን እንባ አልነበራትም።

«ሲት ኢንዓም፣ ‹ትፋው› ያሉት ስለ ጾሙ ነው?»

«ስለ ምን ይሆናል ሌላ?»

«ሠራተኞቹ ነግረውኛል፤ አምቡላንስ ሲመጣ ሰው ሁሉ ልቡ ነው ሲል፣ እርስዎ ብቻ ‹ሆዱን እጠቡለት› ብለው የነርሶቹ እግር ላይ ወድቀዋል። ‹ተዋናይ ናት፣ ትወናዋ ነው› ብለው አለፉዎት።»

እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ከዚያ እንደ ልጅ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ስሜን የጠራው... ደክሞት ነው አይደል? ተሳስቶ ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

ይህች ሴት ስለ ሞቱ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ ስለዚህች አንዲት ቃል መጠየቋ የነሲምን ልብ ነካው። ሲወጣ ወደ ድምፅ ባለሙያዎቹ ክፍል ገባ። ራጊብ ኮሌታው ሥር ትንሽ ማይክሮፎን ነበረው።

በማግስቱ ላቦራቶሪው መልስ ላከ። ነሲም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁሉንም በዚያው የጀሶ ሰፈር፣ ለሠራተኛው ኢፍጣር በተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰባቸው። ቴምርና የአፕሪኮት ጭማቂ ቀርቧል። ማንም አይነካም፤ አዛኑን ይጠብቃሉ።

«ራጊብን የገደለው የልብ መድኃኒት ነው» አለ ነሲም። «በብዛት። እሱም ራሱ የልብ ሕመምተኛ ነበር፤ ስለዚህ ከራሱ መድኃኒት አብዝቶ ወስዷል ትሉ ይሆናል። ግን መድኃኒቱ የተገኘው ብርጭቆው ውስጥ ነው። ወርቃማው ሪባን ያለበት። ነጩ ንጹሕ ነው።»

«ከመካከላችን አንዱ መርዞታል እያልክ ነው?» አለ ቱልባ።

«ልክ እዚህ ላይ ነው እኔም የተደናገርኩት። በረመዳን ቀትር የጾመኛን ብርጭቆ የሚመርዝ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ማንም አይጠጣው! ራጊብ በድብቅ የማይጾም መሆኑን ከሐኪሙ በቀር የሚያውቅ የለም። እናንተ ሁላችሁ ጾመኛ ነው ብላችሁ ነው የሳቃችሁበት። ስለዚህ እሱን ሊገድል ያሰበ ሰው አልነበረም።»

ዙህዲ ቀና አለ። «ታዲያ ማንን?»

«ብርጭቆው የሙሽሪት ነው። በልምምዱ እያንዳንዱ የራሱን ነበር የያዘው። ራጊብ ቱልባን ሐሳብ ያስለወጠው መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ነው። መድኃኒቱ የተዘጋጀው ለኢንዓም ነው። እሷ ደግሞ ጥብቅ ጾመኛ ናት፤ እንደማትጠጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ ቀትር ኢንዓም ያን ብርጭቆ እንደምትጠጣ ሊያውቅ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።»

ሰው ሁሉ ወደ ኢንዓም ዞረ። እሷ ጠረጴዛውን ታይ ነበር።

«የእናቴ መድኃኒት ነው» አለች። «ከሞተች በኋላም ቤት ነበር። አንድ ጊዜ ሙሽራ ሆኜ፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ፣ እዚያው ሕይወቴ ያብቃ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያ ምን ቀረኝ? ብርጭቆ እንለዋወጥ ሲሉ እሺ አልኩ፤ ጾመኛ ነው፣ ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያስነካው ብዬ። ሲደገም እኔ እጠጣዋለሁ ብዬ። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁ...»

«‹ትፋው› አሉት።»

«ሳቁ! ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። መድኃኒት አለበት ማለት አቃተኝ፣ ምላሴ ታሰረ። ያን ጊዜ ብናገር ይድን ነበር። አፍሬ ነው የገደልኩት።»

ነሲም ወደ ሐጅ ሸውቀት ዞረ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከረ።

«ሐጅ፣ ዋርዳ ትሞታለች ብለው ሲነግሯት ስለ ራጊብ ምን አሏት?»

«እኔ... ሥራ ነው...»

«‹በደስታ ተስማምቷል፣ ወጣቷንም እሱ ነው የመረጣት› ነው ያለኝ» አለች ኢንዓም። «ስድስት ዓመት ለሱ ስል ደጄን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እሱ ግን ተስማማ።»

«አልተስማማም» አለ ዙህዲ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ኮሌታዬን ይዞ ነው ያበደው። ያለሷ አልሠራም አለ። ሐጅ ያውቃል። ልነግርሽ ይገባ ነበር፣ ኢንዓም። አልነገርኩሽም።»

ሐጅ ሙስበሃውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። እሱን የሚይዝበት ሕግ እንደሌለ ነሲም ያውቃል፤ ከሁሉ ያቃጠለውም ይህ ነው።

ኢንዓም ግን ሐጅንም ዙህዲንም አላየችም። ነሲምን ነበር የምታየው፤ የትናንቱ ጥያቄዋ ገና ፊቷ ላይ ነበር። ነሲም ከቦርሳው የጆሮ ማዳመጫ አወጣና ከመቅረጫው ጋር አገናኘው።

«ራጊብ የጠጣው ረስቶ አይደለም» አላት። «ከርስዎ እጅ መጠጣት ፈልጎ ነው። የሚቀጥለው ደግሞ ማንም ያልሰማው ነው። ቱልባ ቁረጥ እያለ ይጮኻል፣ እነዚህ ይስቃሉ፣ እርስዎ ‹ትፋው› እያሉ ነው። ከሥሩ እሱ የተናገረው አለ። ማይክሮፎኑ ለአፉ ቅርብ ስለነበር ይዞታል።»

አጎንብሶ ማዳመጫውን በገዛ እጁ ጆሮዋ ላይ አደረገላት። እሱ ሌሊቱን ሲሰማው ስላደረ ምን እንዳለ ያውቃል። መጀመሪያ የራጊብ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፦ «ኢንዓም፣ እንኳን ደስ አለን።» ከዚያ የሚጠጣ ሰው ድምፅ። ከዚያ የቱልባ ጩኸት፣ «ስሟን ተሳሳትክ!» ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ የራሷ ጩኸት። ከጩኸቷ ሥር፣ ለሷ ብቻ፣ ሦስት ቃል፦ «አልተሳሳትኩም፣ ኢንዓም። አልተሳሳትኩም።»

ከግቢው ውጭ አዛን ተሰማ። ጠረጴዛው ላይ ወደ ቴምሩ የተዘረጋ እጅ አልነበረም። ኢንዓም ሁለት እጆቿን ማዳመጫው ላይ ጭና፣ ዓይኗን ጨፍና ቁጭ ብላለች፤ እንባዋ አሁን መጣ።

ነሲም ይዟት መሄድ ነበረበት፤ መኪናው ደጅ ላይ ቆሟል። ማርሴል ብትኖር የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ አሰበ፤ ተጋቡ ወይ? ትለው ነበር።

«ባሻ» አለች ኢንዓም፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «አንዴ ድገምልኝ።»

ደገመላት።