ተሳስቻለው

የመምህር ሀብተ ሚካኤል አስከሬን ከሊማሊሞ ገደል ሥር በገመድ ተጎትቶ ሲወጣ ደባርቅ ፍርዷን ሰጥታ ጨርሳ ነበር። መምህሩ ራሳቸውን ገደሉ። ማስረጃው ደግሞ ጧት ጧት በእግራቸው ከሚደርሱበት አፋፍ፣ ድንጋይ ላይ የተገኘው ስልካቸው ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ለበቅሎ አከራዮች ማኅበር አባላት በሙሉ መልእክት ልኳል፦

«ተሳስቻለው። አክሲዮኑ ገና ይወጣል። አትሽጡ። ይቅር በሉኝ።»

ኢንስፔክተር ሠርካለም ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጥርስ ውስጥ እንደገባ አሸዋ የሆነ ነገር ቆረቆራት፤ ምን እንደሆነ ግን አልመጣላትም።

የመምህሩ ብቸኛ ልጅ ሕሊና ደጃፉ ላይ ቆማለች። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አላለቀሰችም።

«አባ ሰይፈ ሥላሴ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም አሉ» አለች። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊጠብቁሽ ቃል ገብተዋል። ከዚያ አባቴ ያለ ጸሎት ከአጥር ውጪ ይቀበራል። እትዬ ሠርካለም፣ አባቴ በሕይወቱ ተሳሳትኩ ብሎ አያውቅም። ሽሮ ሲያርርበት እንኳ የተሳሳተው እሳቱ ነው።»

ሠርካለም ሳቋ መጣባት፤ ለቅሶ ቤት ነውና ዋጠችው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከ«ሽቅብ» ነው። ሽቅብ አዲስ አበባ ያለ የኢንተርኔት ገበያ ሲሆን አክሲዮኑ ስሙን አክብሮ በየቀኑ ወደ ላይ ይወጣል። በቅሎ አከራዮቹ ተሰባስበው በማኅበሩ ስም ገዝተውታል፤ መውጣት የፈለገ ድርሻውን ለማኅበርተኛ ብቻ ይሸጣል። ጡረታ የወጡት የአማርኛ መምህር ቃለ ጉባኤ ይጽፉላቸው ነበር። ጽፈው ሲጨርሱ ደግሞ ይሟገቷቸዋል። ይህ ኩባንያ አንድ ቀን አትርፎ አያውቅም፤ ዋጋውን ሽቅብ የሚገፋው ነገ ከእኔ በውድ የሚገዛ ሌላ ሞኝ ይመጣል የሚል ተስፋ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ አረፋ ነው ይሏቸው ነበር። ለነገ ስብሰባ የኩባንያውን ሪፖርት መስመር በመስመር ሊያነቡላቸው ቀጥረው ነበር።

አክሲዮኑን ወደ ከተማው ያመጣው ልደቱ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤትና ሻይ ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር አለው።

«ቲቸርን እወዳቸው ነበር» አላት። «እሳቸው አረፋ ሲሉ ሰው ይስቃል። ሰው ሲስቅ ሻይ ያዛል። ሻዩ የእኔ ነው።»

«ሪፖርቱ አላስፈራህም?»

«ዓምናም አንብበውታል። በማግሥቱ ዋጋው እጥፍ ሆነ። ኢንተርኔት በትርፍ አይለካም እኮ፤ በተጠቃሚ ብዛት ነው። እኔማ ልጨምር ሳምንቱን ሙሉ ስዞር የሚሸጥልኝ አጣሁ።»

ቀጥላ የሄደችው ከማኅበርተኞቹ አንዷ ወደሆኑት አሮጊት፣ እትዬ በለጠች ዘንድ ነበር። አራት በቅሎ ከነበረበት ግቢ ሁለት ብቻ ታስረዋል። የቀሩት የት ሄዱ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሚናስ ነዳቸው። በምትኩ ድርሻውን ሰጠኝ» አሉ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ልጄ። ሁለት ሰዓት ላይ መጥቶ፣ ‹ይኸው መምህሩም አመኑ› ብሎ ከስልኩ አነበበልኝ። እሳቸው ካሉማ ብዬ ሰጠሁት።»

ሚናስ የተራራ አስጎብኚና የማኅበሩ አባል ነው፤ የመምህሩ ተማሪ፣ ኋላም እንደ ልጅ ቤታቸው ገብቶ የሚወጣ። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። ሠርካለም ብዙ አልጠየቀችውም። እሱም ልደቱም የጧት ውሏቸውን በእጃቸው እንዲጽፉላት ብቻ አዘዘች። ልደቱ «ሱቄን ከፍቻለው» ብሎ ጀመረ። ሚናስ ደግሞ «ወደ በለጠች ቤት ሄጃለው» ብሎ ጻፈ።

አሸዋው ያኔ ተገኘ። ሠርካለም ዘጠነኛ ክፍል የመምህሩ ተማሪ ሳለች ደብተሯ በቀይ እስክሪብቶ ደም መስሎ ይመለስላት ነበር። «ስለ ራስሽ ስትናገሪ ‹ሁ› ነው፤ ‹ው› የጎረቤት ነው» እያሉ አርባ ተማሪ ፊት አስነብበዋታል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም መምህሩ ግቢ ሰበሰበቻቸው። አባ ሰይፈ ሥላሴ መጽሐፋቸውን እንደ ዘጉ ከአስከሬኑ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል።

«መልእክቱን የጻፈው መምህሩ አይደሉም» አለች ሠርካለም። «‹ተሳስቻለው› ይላል፤ በ‹ው›። እሳቸው ወደ ገደል እየወደቁም ቢሆን በ‹ሁ› ይጽፋሉ። ስልካቸው ቁልፍ እንደሌለው ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

«ግማሹ ደባርቅ በ‹ው› ነው የሚጽፈው» አለ ልደቱ።

«አንተን ጨምሮ። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ መምህሩን የፈራቸው ማን ነው? አንተ አረፋ መሆኑን አላመንክም፤ ትስቅባቸዋለህ፣ ሻይ ትሸጥባቸዋለህ። ሰው የሚስቅበትን አይገድልም። የፈራቸው ያመናቸው ነው። አረፋ መሆኑን ያመነ ሰው፣ አረፋው በነገው ስብሰባ ሳይፈነዳ ለሌላ ማሸከም አለበት። ለአንተ ቢሸጥ፣ በዚህ ጧት ማን እንደሸጠ ወሬው ከሱቅህ ተነሥቶ ከተማውን ያዳርሳል። ማንበብ የማይችሉ አሮጊት ይሻሉታል።»

ሁሉም ወደ ሚናስ ዞሩ።

«ሚናስ፣ ‹ገና ይወጣል፣ አትሽጡ› የሚለውን ለእትዬ በለጠች አነበብክላቸው። በዚያው አፍህ ድርሻህን ሸጥክላቸው። ከከተማው ሁሉ መልእክቱን ያላመንከው አንተ ብቻ ነህ። ለምን?»

ሚናስ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። የአባቱን በቅሎዎች ሸጦ አክሲዮኑ ውስጥ እንደገባ፣ ድርሻውን ለእትዬ በለጠች እስኪሸጥ ነገን ዝም እንዲሉለት አፋፉ ድረስ ተከትሎ እንደለመናቸው፣ እንዳልሰሙት በቀስታ ተናገረ።

«‹ለበለጠችም ዛሬውኑ እነግራታለሁ› አሉኝ» አለ። «ከነገሯት ማን ይገዛኛል? ገፋኋቸው።»

እትዬ በለጠች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሠርካለም ወረቀት ሰጠችው፤ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ። እጁ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ፊደል ሰረዘ፣ ቀጠለ።

አባ ሰይፈ ሥላሴ ተነስተው መጽሐፋቸውን ከፈቱ። የልደቱ ስልክ ጮኸ፤ ሽቅብ ዛሬም ወጥቷል። ሳያየው አጠፋው።

ሕሊና ከሠርካለም ትከሻ በላይ ወረቀቱን አነበበች። «መምህሬን ገድያለሁ» ይላል፤ የተሰረዘችው ፊደል «ው» ነበረች።

«አሁን ገባህ» አለችው፤ ያኔ ማልቀስ ጀመረች።