ዓባይነሽ ያላለችው ቃል

ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት፣ ወሩም ሐምሌ ነበረ፤ የአሽዶድ ባሕር ከማለዳ ጀምሮ እንደ ተወለወለ ናስ ሲያብረቀርቅ ይውላል፤ ከዳርቻው ብዙም በማይርቀው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ግን መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ማዝጋኑ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ያጉረመርም ነበር።

በዚያ ቤት ወይዘሮ ዓባይነሽ የምትባል፣ ከወልቃይት ተነሥታ የሱዳንን በረሃ አቋርጣ የመጣች የቤተ እስራኤል ሴት፣ ሽማግሎችን እያጠበችና እያጎረሰች ታገለግል ነበር። ከሁሉም የሚከብዱት አባባ ፈንታ ነበሩ፤ ሕመም ትዝታቸውን ስለ በላው፣ በስንት ዓመት የለቃቀሟት ዕብራይስጥ ጠፍታ አማርኛቸው ብቻ ቀርታለችና። ሌሎቹ ሠራተኞች ልብሳቸውን ሊያወልቁላቸው ሲሞክሩ «ሽፍታ! ሽፍታ መጣብኝ!» እያሉ ይታገላሉ።

«አይዞዎት አባባ፤ ሽፍታ የለም፤ እኔ ልጅዎ ነኝ» ስትላቸው ግን እጃቸውን ይሰጧት ነበር።

በዚያ ሰሞን የቤቱ ኃላፊ ሊሞር፣ አንዳንድ ሠራተኞች «በቋንቋቸው ያሙናል» ብለው ስለ ከሰሱ፣ በሥራ ቦታ ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር ደንብ አወጣች። ዓባይነሽ ከባልደረቦቿ ጋር ዝም አለች፤ ከአባባ ፈንታ ጋር ግን ዝም ማለት አልሆነላትም፤ ብዙም ሳይቆይ ለሺሙዓ፣ ሠራተኛ ከመባረሩ በፊት ቃሉን ወደሚሰጥበት ሸንጎ፣ ተጠራች።

እርሷም የቫዓዱ፣ የሠራተኞች ኮሚቴው፣ ተወካይ ወደ ሆነው ወደ አቶ ማሐሪ ሄደች፤ በስደት መንገድ ውኃ የተካፈላት፣ በሱዳን መጠለያ እናቷን አብሯት የቀበረ ሰው ነው።

«ማሐሪ ወንድሜ፤ ዕብራይስጤ ለዕለት ሥራ እንጂ ለሙግት አይበቃም። አንተ አፍ ሁነኝ።»

«አንቺን ጥዬ ወዴት እሄዳለሁ እኅቴ? መብትሽ ነው፤ በአማርኛ ተናገሪ፤ እኔ ቃል በቃል አቀርብልሻለሁ።»

ቀኑ ደረሰ። ዓባይነሽ በሊሞር ፊት ቆማ፣ «ሽማግሌው በፍርሃት ሲንቀጠቀጡ፣ በማይሰሙት ቋንቋ ላባብላቸው አልችልም። ደንቡ በእኔ ላይ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ በእሳቸው ላይ ግን ግፍ ነው» አለች።

ማሐሪም ጉሮሮውን ጠርጎ በዕብራይስጥ፣ «ጥፋቷን አምናለች፤ ይቅርታም ትጠይቃለች፤ ቫዓዱም በደንቡ ተስማምቷል» አለ።

ለሙግት ያልበቃው ዕብራይስጧ ይህን ለመስማት በቃ። ዘወር ብላ አየችው፤ እርሱ ግን ጠረጴዛውን ያይ ነበር።

«ሎ! ሎ አማርቲ!» አለች፤ አላልሁም ማለቷ ነው። ከዚያም በአማርኛ፣ «በእናቴ መቃብር ላይ አብረኸኝ ቆመህ! በምን አንጀትህ ሸጥኸኝ?» አለችው።

«እንጀራሽ እንዳይቀርብሽ ብዬ ነው» አላት በሹክሹክታ። ኋላ እንደ ተሰማው ግን፣ በደንቡ ላይ ሲመከር አስቀድሞ እሺ ያለው እርሱ ራሱ ነበረ፤ የፈረቃ አለቃነትም ቃል ተገብቶለት ነበር።

ተባረረች። አባባ ፈንታም ከእርሷ ወዲያ በማደንዘዣ ክኒን እየፈዘዙ ይታጠቡ ጀመር፤ ሱኮት፣ የዳስ በዓል፣ ሳይደርስ ዐረፉ። ያዕል የምትባል ጠበቃ ነገሩን ወደ ሥራ ፍርድ ቤት ስትወስደው፣ መጦሪያ ቤቱ ገና ሳይፈረድበት ፈርቶ ደንቡን አነሣ፤ ዓባይነሽንም ተመለሺ ቢሏት እምቢ አለች።

ዛሬ በዚያ ቤት አማርኛውም ሩስኛውም ያለ ፍርሃት ይነገራል። በቤቱ ክብረ በዓል ላይ ደንቡን ያስነሣ ተብሎ የተጨበጨበለት ማሐሪ ነበር፤ እርሱም ጎንበስ ብሎ ምስጋናውን ተቀበለ። ዓባይነሽ ይህን ሮቫ ዩድ በሚባለው ሰፈር አትክልት ስትገዛ ከሰው አፍ ሰማች፤ አልተከራከረችም። የሰው ሁሉ ትዝታ የያዘው የደንቡን መነሣት ነው፤ አንድ ሽማግሌ በመጨረሻ ወራታቸው አይዞዎት የሚላቸው አጥተው ማለፋቸውን ግን ከእርሷ በቀር የሚያነሣው የለም።