ዝኒ ከማሁ

«እስኪ ይኼን ሰውዬ የሚያውቀው አለ?» አለ መምህሩ ሁለት ጥናታዊ ጽሑፎች ከፍ አድርጎ። «ስሙ ዝኒ፣ የአባቱ ስም ከማሁ። ሁለት ተማሪዎች በዋቢ መጻሕፍት ዝርዝራቸው ውስጥ አስገብተውታል። ‹ዘ› ላይ፣ በፊደል ተራው፣ በሥርዓት ተቀምጧል።»

ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁም ወንበር ለወንበር ተዛመተ። ጭምቷ ግን ምኑ እንደሚያስቅ አልገባትም። (ጭምት ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ካልጠየቋት ስለማትናገር።) ቤተ መጻሕፍት ገብታ ያገላበጠቻቸው መጻሕፍት ሁሉ ግርጌያቸው ላይ ይህ ስም አለ። ስለ ዓይን ሕመምም፣ ስለ ፋብሪካም፣ ስለ ከተማም። እንዴት ያለ ታታሪ ሰው ነው ብላ አድንቃው ነበር።

«ሰው አይደለም» አለ መምህሩ። ተማሪዎቹ በሌለበት «ነጠላ ሰረዝ» ነው የሚሉት፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ የሳተ ወረቀት ከእጁ በሰላም አይወጣም። «ግእዝ ነው። ‹ይህም እንደዚያው› ማለት ነው። አንድ ምንጭ ጠቅሰን ወዲያው ስንደግመው፣ ሁሉንም እንደገና ከመጻፍ ‹ከላይ እንዳለው› ብለን እናልፋለን። ከላዩ የተጻፈ ነገር ከሌለ ብቻውን ምንም አይልም።»

ጭምቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከሁሉ የባሰው ግን ገና እየመጣ ነበር።

«መሳሳት ያለ ነው» አለ መምህሩ፣ አሁን ሳይስቅ። «ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ሲሳሳት ግን አንደኛው ገልብጧል። ሁለታችሁ ነገ ጠዋት ቢሮዬ ትመጡና በእጅ ጽሑፋችሁ ትነግሩኛላችሁ። ገልብጫለሁ ያለችው ዜሮ ታገኛለች፣ ሌላዋ ታልፋለች። ሁለታችሁም የእኔ ነው ካላችሁ ሁለታችሁም ዜሮ።»

ዜሮ ማለት ከኮሌጁ መሰናበት ነው። ሁለተኛዋ ተማሪ ደግሞ የአክስቷ ልጅ ሚጡ ነበረች።

ጽሑፉን የጻፈችው ጭምቷ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ የምትኖረው አክስቷ ቤት ሲሆን፣ አክስቷ ደግሞ የልብስ ስፌት ቤት አላት። ጭምቷ እዚያ እየተቀመጠች፣ ሰፊዎቹ ክር ሲያስገቡ መርፌውን ከዓመት ዓመት ከዓይናቸው ለምን እንደሚያርቁት ስትጠይቅ ከርማ ነው የጻፈችው። እዚያው ትሰፋ የነበረችው እናቷም እንደዚያው ታርቅ ነበር። ሚጡ «ልየው ብቻ፣ አሠራሩ እንዲገባኝ» ስትላት ዓይኗን ሳታሽ ሰጠቻት። ሚጡም ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ለዋወጠችና ዋቢ መጻሕፍቱን እንዳሉ ገለበጠቻቸው።

«አንቺ ፋራ! አስበላሽኝ እኮ!» አለች ሚጡ ወደ ቤት ሲሄዱ። «ግእዙን ሰው አድርገሽ!»

«አያለሁ አልሽ እንጂ እገለብጣለሁ አልሽኝ?»

ሚጡ ክንዷን ያዘቻት። «ገልብጫለሁ በይ፣ በናትሽ። አንቺ እኮ ብትወድቂም ማንም አይገርመውም።»

ክፋት አልነበረውም አነጋገሯ። እውነት መስሏት ነው ያለችው፤ ጭምቷን ያሳመማትም ይኸው ነው።

አክስት ነገሩን ከልጇ ሰምታ ጠበቀቻት። የሸሚዝ ኮሌታ እየተኮሰች ነበር።

«አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ የኔ ልጅ» አለች ካውያውን ሳታቆም። «የትም ብትወድቂ ትነሻለሽ። ሚጡ ግን ትሰበርብኛለች።»

«አክስቴ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

አክስቷ ባታምናት ይሻል ነበር፤ ላላመነ ሰው ማስረዳት ይቻላል።

«የእናትሽ የስፌት መኪና ሰው አልያዘውም» አለች አክስት። «ሥራው አያሳፍርም። ልጄን ካስባረርሽብኝ ግን በምን ዓይናችን እየተያየን አንድ ቤት እናድራለን?» ኮሌታውን ገለበጠችና መተኮሷን ቀጠለች።

ጠዋት መምህሩ ጠረጴዛው ላይ አንድ ነጭ ወረቀት አስቀመጠ። ሚጡ ፈጠን ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ጭምቷን ሳታያት ወጣች።

ጭምቷ ተቀመጠች። መንገዱን ሁሉ «ገልብጫለሁ» የሚለውን ቃል ስትለማመደው ነበር የመጣችው። ቢያንስ መኝታዋን ያተርፍላታል። ከላይ ያለውን የሚጡን ጽሑፍ አነበበችው፦ «ጽሑፉ የራሴ ነው። ከማንም አልገለበጥኩም።»

ደግማ አነበበችው። ከቃላቱ አንዱም ውሸት አልነበረም፤ የጻፋቸው እጅ ብቻ ነበር የተሳሳተው። እስክርቢቶውን አነሳች፤ «ገ» ብላ ልትጀምር ነበር፤ እጇ እምቢ አለ። ከሚጡ መስመር ሥር ሁለት ቃላት ጽፋ ፈረመች፦

«ዝኒ ከማሁ።»

መምህሩ ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ አነበበ። ፈገግ ሊል ነበር፤ ከዚያ ተወው።

«አሁን በቦታው ገብቷል» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላ የምትጨምሪው አለሽ?»

«የለኝም።»

«ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

መምህሩም ራሱ ያወጣውን ሕግ አልሻረም። ሁለቱን ዜሮዎች ሊጽፍ ቀዩን እስክርቢቶ ፍለጋ መሳቢያውን ሲከፍትና ሲዘጋ እየሰማች ወጣች።

ሚጡ ኮሪደሩ ላይ ጥፍሯን እየበላች ነበር። «ጻፍሽ? ያልኩሽን?»

«አይደለም» አለች ጭምቷ። «አንቺ የጻፍሽውን።»

ሚጡ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች። ጭምቷ አጠገቧ አልፋ ደረጃውን ወረደች። አክስቷ ከስፌት ቤት ሳትመለስ ልብሷን መሰብሰብ ነበረባት። ወዴት ይዛው እንደምትሄድ ግን አታውቅም።